ያልተዘለለች ቃል

ባለፈው ማክሰኞ ጧት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው ሰላም ናት፤ የምግብ መጽሐፌ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ስለሆነ ረቂቁን የምታርምልኝ ወጣት አርታኢ። ትጉህ ልጅ ናት። አንድ አመል ብቻ አለባት፤ እኔ «ሄድሁ» ያልሁትን ሁሉ «ሄድኩ» እያደረገች ታርማለች። እሷ ትለውጣለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ በዚህ ዓይነት ሦስት ወር አለፈን። የዚያን ቀን ጥያቄዋ ግን ሌላ ነበር።

«ዶክተር፣ የዓሣው ምዕራፍ ላይ የጎደለ ነገር አግኝቻለሁ» አለችኝ። «የሽምብራ ዓሣ የሚለው ላይ የዓሣው ዓይነት አልተገለጸም። ቆሮሶ ነው አምባዛ? ቅርፊቱ መነሳት አለመነሳቱንም አልጻፉትም።»

«የዓሣው ምዕራፍ ውስጥ ምን ይሠራል?» አልኋት።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት። ከጾም ምግቦች መካከል ነበር፤ ተሳስተው ያስገቡት መስሎኝ ከዓሣ ጉላሽና ከዓሣ ዱለት መሐል አስገባሁት።»

ዓባይ ማዶ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከድልድዩ የሚመጡት ባጃጆች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። በጣም ሳቅሁ፤ እሷም ምን እንዳሳቀኝ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች። የሽምብራ ዓሣ ውስጥ ዓሣ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ የሚሠራ የጾም ወጥ እንደሆነ ነገርኋት። አፈረች። አይዞሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዘጋሁት በኋላ ግን ሳቄ አብሮኝ አልቆየም። እኔም ይህንኑ ስሕተት ከሠራሁት ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ልዩነታችን ሰላም ደውላ መጠየቋ ነው። እኔ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ አልጠየቅሁም።

ጋዜጠኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። የታሪክ ሰው ሆነው ሳለ ወጥ ቤት እንዴት ገቡ ይሉኛል። እኔም፣ ነገሥታቱ ምን እንደ ወሰኑ ብዙ ተጽፏል፣ ሕዝቡ ምን ይበላ እንደነበር ግን የጻፈ ጥቂት ነው እላለሁ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጥሩም ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ ጋዜጣ ላይ በትልቁ ወጥቷል። እውነተኛው ምክንያት ግን የኔታ ይትባረክ ናቸው።

የኔታ ይትባረክ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አጎቴ ቢሆኑም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምላቸው። ጣና ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ሆነው ዜማ ያስተምራሉ፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ መጽሐፍ ይገለብጣሉ። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ መጽሐፍ ማስጻፍ የፈለገ አጥቢያ መጀመሪያ የሚያስበው እሳቸውን ነበር። ጽሕፈታቸው ያምራል፤ የታወቁት ግን በውበቱ አልነበረም። የኔታ ቃል አይዘሉም። አንድ ገጽ ሲጨርሱ ከታች ወደ ላይ እያንዳንዷን መስመር ከዋናው ጋር ያስተያያሉ። ሌላ ሰው የጻፈውን ሲያዩና የጎደለ ቃል ሲያገኙ «ይህ ሰው ሲጽፍ እንቅልፍ ይዞት ነበር» ይሉ ነበር፤ ከአፋቸው ከሚወጣው ስድብ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው።

የእኛ ቤት ሌላ ዓለም ነበር። አባቴ ከሐረርጌ የመጣ መካኒክ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል። እናቴም እዚያው በፈረቃ ትገባለች። ጾም ሲመጣ ቤታችን የሚያውቀው ሽሮና ምስር ነው። ሽምብራ አምሶ፣ ከክቶ፣ አስፈጭቶ፣ ለውሶ፣ በቢላ ቀርጾ ለመቀመጥ ማን ጊዜ አለው? ስለዚህ እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ እስክቃረብ ድረስ የሽምብራ ዓሣ የሚባል ነገር ቀምሼ አላውቅም።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት ነበረብኝ። መምህሬ ማንም ያልነካውን ነገር አምጪ አለኝ። ከአዲስ አበባ ለእረፍት ስመጣ ይህን ለየኔታ ባጫውታቸው፣ አንድ ደሴት ላይ ባለ ገዳም ስለሚገኝ አሮጌ መጽሐፍ ነገሩኝ። በመጽሐፉ ባዶ ቅጠሎች ላይ የጥንት መጋቢዎች ከዕቃ ቤቱ በየወቅቱ ለመነኮሳቱ ምን እንደሚሰጥ ጽፈውበታል፤ ምን በጾም፣ ምን በፍስክ፣ ምን በበዓል። ይህን ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። ችግሩ ደሴቱ ሴት የማይገባበት መሆኑ ነው። እኔ ወደቡ ላይ እቀራለሁ፤ ገብተው የሚገለብጡልኝ የኔታ ናቸው።

በመጋቢት ሄድን። በመጋቢት ሐይቁ ጧት ጧት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ስለዚህ በጧት ጀልባ ተሳፈርን። የደንገል ታንኳዎች እንጨት ጭነው በአጠገባችን ያልፉ ነበር፤ መረባቸውን የሚስቡ ዓሣ አጥማጆችም ነበሩ። ደሴቱ ስንደርስ የኔታ ነጠላቸውን አስተካክለው ዳገቱን ወጡ፤ እኔ ከወደቡ ሾላ ሥር ተቀመጥሁ። ጾም ስለነበር በቦርሳዬ የያዝሁትን ቆሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልነካሁትም። እውነቱን ለመናገር እስከ ሰባት ሰዓት ነው።

ወደ ዘጠኝ ተኩል ገደማ አራት ገጽ ወረቀት ይዘው ወረዱ። ዳማ የተሰመረበት ወረቀት ከእኔ ደብተር የተቀደደ ነው፤ የእስክሪብቶው ጽሕፈት ግን ብራና ላይ የተጻፈ ይመስል ነበር።

«የኔታ፣ ሁሉንም አገኙት?» አልኋቸው።

«አገኘሁት። ቃል አልጨመርሁም፣ ቃል አልቀነስሁም። እንዳለ ነው የገለበጥሁት» አሉ፤ ከዚያም ጀልባው ውስጥ ገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰባት ሰዓት ያህል ቆመውና ጎንበስ ብለው ነበር የዋሉት።

ስንመለስ ማንበብ ጀመርሁ። ባቄላ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ የኑግ ዘይት፤ የምጠብቀው ሁሉ አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «በዐቢይ ጾም በየሰንበቱ ለማኅበሩ ዓሣ ይሰጥ።»

መስመሯን ደግሜ አነበብኋት። ዓሣ በዐቢይ ጾም አይበላም እያልን ነው ያደግን። ምእመኑ አንዳንዴ ቢከራከርበትም ካህናቱ፣ ይልቁንም መነኮሳቱ፣ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። አሁን ግን የራሳቸው መጽሐፍ ጥንት ይበላ ነበር ሊለኝ ነው። የኔታ ከእኔ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጠዋል። ቀና ብዬ «ይህ ምንድን ነው?» ብላቸው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልጠየቅሁም። ብጠይቃቸው ግኝቴ የሚያመልጠኝ መሰለኝ። ደግሞስ ዓሣ በሞላው ሐይቅ ላይ ተቀምጦ «ዓሣ» የሚል ቃል የሚጠራጠር ማን ነው? መረቡም፣ ሽታውም፣ ጀልባው ወለል ላይ የደረቀው ቅርፊትም ያው ነበር።

በዚያች አንዲት መስመር ላይ አሥራ ስምንት ገጽ ጻፍሁ። መምህሬ ጠርዙ ላይ በቀይ «ትልቅ ግኝት!» ብሎ መለሰልኝ። ይህን ያህል ከተወደደ ለሰው ላንብበው አልሁትና፣ ጾሙ ሳያልቅ ባሕር ዳር ላይ በአንድ አዳራሽ መምህራንና ካህናት በተጠሩበት ስብሰባ እንዳቀርበው ተፈቀደልኝ። የኔታ ደስ አላቸው። ምን እንደ ጻፍሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላሳየኋቸውም። በዕለቱ አዲስ ጥምጥም ጠምጥመው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጡት ደግሞ አባ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ የዚያ ደሴት አበምኔት። የኔታ ራሳቸው ነበሩ የጋበዟቸው።

ተነሥቼ ማንበብ ጀመርሁ። ዓሣው ላይ ስደርስ ከፍ አድርጌ አነበብሁት፤ «ስለዚህ የጥንቶቹ መነኮሳት በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበሉ እንደነበር ማረጋገጥ ይቻላል» የሚለውን ማለቴ ነው። አባ ገብረ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ፣ አባቶቻችን ጾም ሽረዋል ነው የምትዪው?»

«እኔ አይደለሁም አባቴ፣ መጽሐፉ ነው» አልሁ።

«የቱ መጽሐፍ?»

«የገዳሙ። የኔታ ይትባረክ ናቸው የገለበጡልኝ።»

ይህን ስል በእጄ አመለከትኋቸው። እስካሁን ድረስ ያ እጄ ትዝ ይለኛል። ሰው ሁሉ ወደ የኔታ ዞረ። ባመናቸው ገዳም ገብተው፣ የገዳሙን ምስጢር አውጥተው፣ አባቶችን በአደባባይ ያሰደቡ ሰው ሆነው ተገኙ። ፊታቸውን አየሁት፤ ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ነበረበት። አልተቆጡም። አንድ የከበደ ሒሳብ የገባው ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ተነሱ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «መጽሐፉ 'የሽምብራ ዓሣ' ነው የሚለው። ስገለብጥላት 'የሽምብራ' የምትለዋን ቃል ዘልያታለሁ። ልጅቱ ያገኘችውን ነው ያነበበች።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አባ ገብረ ሥላሴም ቁጣቸው በርዶ ጥርሳቸው ታየ። «መሪጌታ ይትባረክ ቃል ዘለሉ» ይሉ ነበር ሰዎቹ ሲወጡ፤ ሰማኋቸው። በራሱ ላይ የመሰከረን ሰው ማንም ሄዶ አይመረምርም። እኔ እፎይ አልሁ። ማፈሬን አፍሬያለሁ፤ ግን ጥፋቱ የሌላ ሰው መሆኑ አጽናናኝ። እንዲያውም ትንሽ ተናደድሁባቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ቤታቸው ለምሳ ጠሩኝ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከቅዳሴ መልስ ሥራ ይዘዋል። «ነይ ዓሣውን ቅረጪልኝ፣ እጄ ዝሏል» አሉኝና ቢላ ሰጡኝ። ዞር ዞር ብዬ ዓሣ ፈለግሁ። ከፊቴ ያለው በዘይት የተለወሰ፣ የተዳመጠ ብጫ ሊጥ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ቢላዋን ተቀብለው አንዱን ቆርጠው አሳዩኝ፤ ጭራ አወጡለት፣ በማንኪያ ጠርዝ ቅርፊት አበጁለት፣ ለዓይኑ አንዲት የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ተከሉበት። ከዚያ የጋለ ዘይት ውስጥ ጣሉት። ሲጠበስ የወጣው ሽታ የተቆላ ሽምብራ ነው፤ ቁሌቱ ውስጥ ሲገባ ግን ማንም አይቶ ዓሣ አይደለም አይለውም።

«ይህን ዓሣ ነው የምትሉት?» አልኋቸው።

«ታዲያ ምን እንበለው?»

«የሽምብራ ዓሣ አይባልም?»

«በፍስክ ከሆነ እንዳይሳሳት ይባላል። በጾም ማን ብሎ! በጾም ሌላ ምን ዓሣ አለ?»

ቢላዋን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ሄድሁ። የኔታ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። «የኔታ፣ መጽሐፉ ላይ 'የሽምብራ' የሚል ቃል አለ?» አልኋቸው።

«የለም» አሉ፤ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ። «'ዓሣ' ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለምን ዘለልሁ አሉ?»

«ምን ልበል? ልጅቱ የምትጽፈውን አታውቅም ልበል?» ፎጣውን ሰቀሉና «በጾም ዓሣ ሲባል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ያኔ ጀልባው ላይ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ውሸቱን ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ፤ እሱ ነገር አልቋል። እኔ የምጽፈውን ጽፌያለሁ ልጄ። አንቺ ገና መጀመርሽ ነው» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ክፍሉ ጥግ መለስሁ። ያ ጥግ በጋውን ሁሉ ሲያሰናዱት የከረሙት ብራና የሚቀመጥበት ነበር፤ የደሴቱ ገዳም ስንክሳር እንዲገለብጡለት ጠይቋቸው፣ ብራናው ተፍቆ፣ ተሰምሮ፣ ዋናው መጽሐፍም በአደራ መጥቶላቸው ሊጀምሩ ነበር። ጥጉ ባዶ ነው።

«መጽሐፉስ?» አልሁ።

«ሐሙስ ዕለት ሁለት ዲያቆናት መጥተው ወሰዱት። አባታችን 'ዓይንዎ ደክሟል፣ ይረፉ' ብለውኛል። ብራናውንም ሰጠኋቸው፤ እኔ ዘንድ ምን ያደርጋል?»

«ሄጄ ለአባ ገብረ ሥላሴ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ተይው።»

ተይው ሲሉኝ ቀለለኝ። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን እንደዚያ ነበር። ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ እንዲሉኝ እንኳ አልጠበቅሁም፤ ምሳዬን በላሁ። ዓሣው በጣም ይጣፍጥ ነበር። በሳምንቱ አዲስ አበባ ተመለስሁ፤ አሥራ ስምንቱን ገጽ ቀድጄ፣ በሦስተኛው ገጽ ቅጂ ላይ «የሽምብራ» የምትለዋን ቃል በእርሳስ ጨምሬ፣ ጽሑፉን አስተካክዬ ተመረቅሁ።

የኔታ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ዜማ ማስተማሩን አልተዉም። መጽሐፍ የሚያስጽፍ ግን አልመጣባቸውም። ልጠይቃቸው ስሄድ የመጣሁበትን ነገር ያጫውቱኛል፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ በበኩሌ አንድ ልማድ አወጣሁ፦ በድሮ ጽሑፍ ላይ የምግብ ስም ባገኘሁ ቁጥር መዝገበ ቃላት ከመክፈቴ በፊት የሚያበስል ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ። ጎንደር አጠገብ ማክሰኝት ገበያ ላይ ከሽምብራ ሻጮች ጋር የዋልሁባቸው ቀናት አሉ፤ ገዳማት ወደብ ላይ ከሚያበስሉ እማሆዮች ጋርም እንዲሁ። የጻፍሁት ተከማችቶ መጽሐፍ ሆነ። መግቢያው ላይ እትዬ ጥሩነሽን አመሰገንሁ፤ የየኔታን ስም ግን አላነሳሁም። ስማቸውን ባነሳ ለምን እንዳነሳሁ መናገር ይኖርብኛል። መጽሐፉ ሲታተም እሳቸው ካረፉ ቆይተው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደዚያ ደሴት ሄዶ የመጽሐፉን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አሳየኝ። እኔ ልገባበት በማልችለው ቤት ያለውን መጽሐፍ በእጄ መዳፍ ላይ አየሁት። አራቱን ወረቀቶች ከመሳቢያ አውጥቼ እንደሳቸው ከታች ወደ ላይ አስተያየሁ። ከእኔ የእርሳስ ጽሑፍ በቀር፣ አንዲት ቃል አልጎደለም፣ አንዲት ቃል አልተረፈም። ላጲስ አምጥቼ እርሳሱን አጠፋሁት። ማንም አላየኝም፤ ስለዚህ ምንም እንዳላደረግሁ ነው የምቆጥረው።

ለሰላም ረቡዕ ጧት መልሼ ደወልሁላት። የሽምብራ ዓሣን ወደ ጾም ምግቦች እንድትመልሰው ነገርኋትና «ከአሠራሩ በፊት የምትገባ አንዲት አንቀጽ አለችኝ፤ ልንገርሽ ጻፊ» አልኋት።

«ምግቡን የሚመለከት ነው?»

«ዱቄቱ ከሚለው በላይ አስገቢው። 'በጣና ዳር ያሉ ካህናት ይህን ምግብ በጾም ዓሣ ብቻ ብለው ይጠሩታል። ይህን ሳላውቅ፣ የሚያውቁትን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ሳልጠይቅ፣ በወጣትነቴ በሰው ፊት ስሕተት አነበብሁ። መሪጌታ ይትባረክ ቃል የዘለልሁ እኔ ነኝ ብለው አዳኑኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። መሪጌታ ይትባረክ የገለበጡት እንዲህ ይላል፦ በዐቢይ ጾም በየሰንበቱ ለማኅበሩ ዓሣ ይሰጥ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።' ጨረስሁ።»

የኮምፒውተሯ ቁልፎች ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ተሰማኝ፤ ከዚያ ቆመ።

«ዶክተር» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «'አነበብሁ' የሚለውን አልነካውም።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«አንድ ነገር ብቻ። ኋላ እንደኔ የሚሳሳት አንባቢ እንዳይኖር፣ እሳቸው የገለበጡት ላይ 'ዓሣ' ከሚለው በፊት 'የሽምብራ' ብዬ በቅንፍ ላስገባ?»

«አታስገቢ» አልኋት። «ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ። እንዳለ ገልብጪው።»